ከፊርማው በፊት ያለው ሥራ
በወላይታ የጉዲፈቻ ጥያቄ ለሚቀርብላችሁ ባለሙያዎች

ወላይታ ውስጥ የወረዳ የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ባለሙያ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ፣ መምህር፣ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ወይም የእድር ዳኛ ከሆናችሁ ሁለት ዓይነት ሰው ይመጣባችኋል። አንዱ “ልጅ ወስጄ ማሳደግ እፈልጋለሁ” የሚል ነው። ሶዶ ወይም ቦዲቲ ከተማ የሚኖር ደመወዝተኛ፣ ትዳር ከያዘ ዓመታት አልፈውት ልጅ ያላገኘ፣ አለዚያም የሟች እህቱ ልጆች እጁ ላይ የቀሩ ሰው ይሆናል። ሌላዋ “ይህን ልጅ የሚያሳድግልኝ ሰው ፈልጉልኝ” ትላለች። ባሏ ሞቶባት ወይም ለሥራ እንደወጣ ቀርቶባት፣ ጓሮዋ ካለው ጥቂት እንሰት ሌላ የሌላት እናት ናት። ሁለቱም ከእናንተ የሚጠብቁት ፎርም ነው። ፎርሙ ከመዘርጋቱ በፊት ግን የእናንተ ዋና ሥራ አለ፤ ሰዎቹ በልባቸው የተስማሙበት ነገርና ወረቀቱ ላይ የሚሰፍረው ነገር አንድ መሆኑን ማረጋገጥ።

ይህን አጥብቄ የምናገረው ወላይታ ሥራው ባለመሠራቱ ብዙ ያለቀሰ አካባቢ ስለሆነ ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻና ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ኢትዮጵያ ልጆቿን በጉዲፈቻ ወደ ውጭ ከሚልኩ አገሮች ከፊተኞቹ ተርታ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ2010 በጀት ዓመት ብቻ ከ2,500 በላይ ልጆች ወደ አሜሪካ ሄደዋል፤ እ.ኤ.አ. ከ1999 ወዲህ ያለው ሲደመር ወደዚያች አገር ብቻ የሄዱት ከ15 ሺህ ይበልጣሉ። ከደቡብ አካባቢዎች መካከል ወላይታ፣ ሐዲያና ከምባታ ብዙ ልጅ የተወሰደባቸው ናቸው። በመጋቢት 2003 ዓ.ም የሴቶች፣ ሕፃናትና ወጣቶች ጉዳይ ሚኒስቴር በቀን የሚያየውን መዝገብ ወደ አምስት አወረደው። በሚያዝያ 2009 የውጭ ጉዲፈቻው ታገደ፤ በጥር 2010 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የቤተሰብ ሕጉን አሻሽሎ ለውጭ ዜጋ ልጅ በጉዲፈቻ መስጠትን ከለከለ። ስለዚህ ዛሬ ማንም ቀበሌ ውስጥ እየዞረ “ልጅህን ፈረንጅ ያሳድግልሃል” የሚል ሰው ቢገኝ ነገሩ ሕገ ወጥ ነው፤ የሚነገረውም ለፖሊስ ነው።

በሩ ተዘግቷል፤ ትምህርቱ ግን መያዝ አለበት። በእነዚያ ዓመታት ልጃቸውን የሰጡ ወላጆች ሁሉ ልጃቸው ላይመለስ እንደሚሄድ ገብቷቸው ነበር ማለት አይቻልም። ብዙዎቹ የሚያውቁት ስፖንሰር የሚባለውን ነበር። በቤተ ክርስቲያንና በእርዳታ ድርጅቶች በኩል ልጅ ይመዘገባል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ባሕር ማዶ ያለ ሰው ደብተርና ዩኒፎርም ይልካል፣ ደብዳቤ ይጻጻፋል፤ ልጁ ግን ማታ እናቱ ቤት ያድራል። የጉዲፈቻ ሰዎች ሲመጡም ምዝገባ ነበረ፣ ፎቶ ነበረ፣ “ይማራል” የሚል ተስፋ ነበረ። ልጁ ተምሮ ይመለሳል፣ ወንድሞቹን ያነሳል ብሎ የፈረመ አባት ሞኝ አልነበረም። ከዚያ በፊት ካየው ተነስቶ ነው የፈረደው፤ የሚያስረዳው ሰው ነው ያጣው።

ሌላም ነገር አለ፤ ባለሙያ ሁሉ ሊያውቀው ይገባል። የኢትዮጵያ ሕግ ራሱ ጉዲፈቻን እንደ መቁረጥ አያየውም። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም ሆነ በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ በጉዲፈቻ የተወሰደ ልጅ ከተወለደበት ቤተሰብ ጋር ያለው ዝምድና ይቀጥላል። በሁለቱ ቤተሰቦች መካከል መምረጥ ግድ ሲሆን የጉዲፈቻው ቤተሰብ ይቀድማል እንጂ የወለደችው እናት እናትነት አይፋቅም። በአሜሪካ ሕግ ደግሞ በተለምዶ የወላጆች መብት ፈጽሞ ያበቃል፤ ልጁ አዲስ የልደት ወረቀት ይወጣለታል። አንዲት የወላይታ እናት “ልጄ ልጄ ነው፣ ይጠይቀኛል” ብላ ስትፈርም ከአገሯ ልማድም ከአገሯ ሕግም ጋር ትስማማ ነበር። አሳዳጊዎቹ ዘንድ ያ ፊርማ ሌላ ትርጉም ነበረው።

ማጭበርበሩም አልቀረም። እ.ኤ.አ. በ2014 የአሜሪካ የፍትሕ መሥሪያ ቤት በደቡብ ካሮላይና የነበረ አንድ የጉዲፈቻ ድርጅት ሠራተኞችን ከኢትዮጵያ ጉዲፈቻ ጋር በተያያዘ ከሷል። ከክሱ ነጥቦች አንዱ ልጆቹ ኖረውባቸው የማያውቁ የሕፃናት ማሳደጊያዎች “እኛ ጋ ያደገ ነው” ብለው የፈረሙባቸው ውሎች መቅረባቸው ነበር። ከዚህ ለእኛ የሚተርፈው ትምህርት ግልጽ ነው፦ ማኅተም ያለበት ወረቀት ሁሉ እውነት አይናገርም። ልጁን ካላያችሁት፣ ከየት እንደመጣ ካልጠየቃችሁ፣ ጎረቤቱን ካላነጋገራችሁ አትፈርሙ።

መጀመሪያ የሚለየው

“ልጅ ማሳደግ እፈልጋለሁ” የሚል ሰው ሁሉ ጉዲፈቻ አያስፈልገውም። የሟች ወንድሙን ልጅ የሚያሳድግ አጎት ብዙ ጊዜ የሚያስፈልገው አሳዳሪነትና ሞግዚትነት ነው። ወላጆች ሲሞቱ፣ በኑዛዜ የተሾመ ሰው ከሌለ፣ ሕጉ ራሱ አያትን፣ ለአካለ መጠን የደረሰ ወንድም ወይም እህትን፣ አጎት ወይም አክስትን ይጠራል። ፍርድ ቤቱ ሲያረጋግጥለት አጎት ልጁን ትምህርት ቤት ያስመዘግባል፣ ያሳክማል፣ የአባቱን መሬትና ንብረት ይጠብቅለታል። ልጁም የሟች አባቱ ልጅ ሆኖ ይቀጥላል። ወላይታ ውስጥ መሬት ምን ያህል እንደጠበበ የምታውቁ ሰዎች፣ የአባት ድርሻ ለልጁ ተጠብቆ መቆየቱ ምን ማለት እንደሆነ አልነግራችሁም። አጎትየው የልጁን ድርሻ ከራሱ ጋር እንዳይቀላቅል ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ መዝገብ ይያዝ፤ ልጁ አድጎ ሲጠይቅ መልስ ይኖረዋል።

ሁለተኛው መንገድ የአደራ ቤተሰብ ነው። ልጁ ለጊዜው፣ ወላጁ እስኪድን ወይም ዘመድ እስኪገኝ ድረስ በሌላ ቤት ያድጋል፤ የወላጅነት መብት አይተላለፍም። የሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2009 ያወጣው የአማራጭ የሕፃናት ክብካቤ መመሪያ ማኅበረሰብ አቀፍ ድጋፍን፣ ከቤተሰብ ጋር ማቀላቀልን፣ የአደራ ቤተሰብንና ጉዲፈቻን ይዘረዝራል፤ በተቋም ማሳደግን የመጨረሻ አማራጭ ያደርገዋል። ይህን ቅደም ተከተል በቃል ያዙት። ቢሮ ውስጥ የሚታየው ስህተት ከታች መጀመር ነው፤ ልጅ ሲገኝ ወዲያው “የትኛው ማሳደጊያ ይቀበለዋል?” ይባላል።

ጉዲፈቻ ሦስተኛው ነው፤ ለዘለቄታውም ነው። ልጁ በሕግ ፊት ለማንኛውም ጉዳይ የአሳዳጊው ልጅ ይሆናል፤ ውርስ ላይም ከአብራክ ከተወለደው እኩል ይቆማል። አሳዳጊው ቢያንስ 25 ዓመት የሞላው መሆን አለበት። ባልና ሚስት ከሆኑ ከሁለቱ አንዱ 25 ከሞላ ይበቃል፤ ግን ሁለቱም አብረው መስማማት አለባቸው፤ የትዳር ጓደኛን ልጅ መውሰድ ሲሆን ብቻ ነገሩ ይለያል። ልጁ ከ18 ዓመት በታች መሆን አለበት። የቤተሰብ ሕግ በአገራችን የክልል ጉዳይ ስለሆነ ወላይታ ላይ የሚሠራው የክልሉ ሕግ ነው፤ በአብዛኛው የፌዴራሉን አካሄድ ይከተላል። የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል በነሐሴ 2015 ከተቋቋመ ወዲህ ደግሞ የተሻሻለ አንቀጽ መኖሩን ዐቃቤ ሕጉን ወይም የፍርድ ቤቱን ሬጅስትራር ጠይቃችሁ ብቻ አንቀጽ ጥቀሱ።

መልሳ ትንገራችሁ

ለወላጅ የምታስረዱት በወላይትኛ ይሁን። ወረቀቱ ወይም ችሎቱ በአማርኛ ከሆነ፣ ከገጠር ቀበሌ የመጣች እናት አማርኛውን ገበያ ላይ የምትግባባበትን ያህል ብትችልም “የወላጅነት ሥልጣን” የሚል ሐረግ ግን ያልፋታል። ራሳችሁ ወላይትኛ የማትናገሩ ከሆነ አስተርጓሚ አምጡ፤ አስተርጓሚው ልጁን ከሚወስደው ሰው ጋር የተዛመደ አይሁን። አስረድታችሁ ስትጨርሱ “ገባሽ?” አትበሏት። “ገባኝ” ትላለች፤ ቢሮ የገባ ሰው ሁሉ እንዲያ ይላል። መልሳ እንድትነግራችሁ አድርጉ። ንግግሩ ይህን ይመስላል፦

“እህቴ፣ ያልኩሽን እስኪ አንቺ መልሰሽ ንገሪኝ። ልጁ ፍርድ ቤት ካጸደቀው በኋላ የማን ልጅ ይባላል?”

“የእነሱ። ግን የእኔም ነው።”

“ልክ ነሽ፤ ዝምድናችሁ አይጠፋም። የት ትምህርት ቤት እንደሚገባ፣ የት እንደሚኖር የሚወስነውስ ማነው?”

“እነሱ ይነግሩኛል፤ እኔ እወስናለሁ።”

“አይደለም እህቴ። የሚወስኑት እነሱ ናቸው። ልትጠይቂው ትችያለሽ፤ መልሼ ልውሰደው ብትዪ ግን ሕጉ አይፈቅድልሽም።”

“ስምንተኛ ክፍል ሲጨርስ ይመለስልሻል ብለውኝ ነበር እኮ።”

እዚህ ላይ ፎርሙን እጠፉት። ይህች እናት ጉዲፈቻ አልጠየቀችም። የጠየቀችው ልጇን የሚያስተምርላት ሰው ነው፤ ያ ደግሞ ሌላ መንገድ አለው። ቢሮ ውስጥ ለዚህ የሚባክነው ግማሽ ሰዓት ነው፤ ሳይደረግ ሲቀር ግን አንድ ቤተሰብ ለዘመኑ ሁሉ ልጁን ሲፈልግ ይኖራል። ንግግሩንም በመዝገባችሁ በራሷ ቃል ጻፉት፤ “አስረድቻለሁ፣ ተስማምታለች” የሚል አንድ መስመር ለማንም አይጠቅምም።

አባትና እናት በሕይወት ካሉና ከታወቁ የሁለቱም ፈቃድ ያስፈልጋል። “አባቱ የለም” ሲባል ሞቷል? ጠፍቷል? ወይስ አዲስ አበባ ሊስትሮ እየሠራ ነው? ለሥራ የወጣ አባት የሞተ አባት አይደለም፤ ስልኩን ፈልጋችሁ ደውሉ። ልጁም ይጠየቅ። ፍርድ ቤቱ የልጁን ሐሳብ መስማት አለበት፤ እናንተ ደግሞ ከዚያ በፊት፣ ወሳጁም ሰጪውም በሌሉበት፣ ብቻውን ልታነጋግሩት ይገባል።

ልጅ ነው ወይስ ሠራተኛ?

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ይህ ነው። “ላስተምረው” ተብሎ ከገጠር የወጣ የወላይታ ልጅ ሶዶ፣ ሐዋሳ ወይም አዲስ አበባ ላይ ውኃ ቀጂ፣ ልጅ አዛይ፣ ሱቅ ጠባቂ ሆኖ ሲቀር ያላየ ባለሙያ የለም። ዘመድ ይወስደዋል፣ ጎረቤት ያመሰግናል፣ ደብተሩ ግን አይታይም። ሕጉ ለዚህ የተቀመጠ አንቀጽ አለው። ጉዲፈቻ አይሻርም፤ ነገር ግን አሳዳጊው ልጁን እንደ ልጁ በማሳደግ ፋንታ እንደ ባሪያ ወይም ከባርነት በሚመሳሰል ሁኔታ ከያዘው፣ ለጥቅም ብሎ ለብልግና ሥራ ካሰማራው፣ ወይም የወደፊት ሕይወቱን በሚጎዳ መንገድ ከያዘው ፍርድ ቤቱ ሊሽረው ይችላል።

መሻሩ ግን የሚመጣው ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ ነው። ስለዚህ ወሳጁ ቤት ስትሄዱ የቤቱን ስፋትና የሶፋውን ጥራት ከመጻፍ ይልቅ ኑሮውን ጠይቁ። ልጁ የሚተኛው የት ነው? የቤቱ ልጆች የት ይተኛሉ? ጠዋት ውኃ የሚቀዳው ማነው? ሠራተኛ አለቻችሁ? ካለች ልጁ ሲመጣ ትቆያለች ወይስ ትሰናበታለች? ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ብዙ ነገር ይገልጣል። የሚገባበት ትምህርት ቤት ታውቋል ወይ? ማዕድ ላይ አብሮ ይቀመጣል ወይ? ቀጥተኛ ጥያቄ ነው፤ ቅን ሰው አይቆጣበትም። ለምን ልጅ እንደፈለጉም አነጋግሯቸው። መካንነት ያሳዘናቸው ባልና ሚስት ሐዘናቸውን በግልጽ ካልተነጋገሩበት ልጁ ያንን ክፍተት እንዲሞላ ይጠበቅበታል፤ ያ ለሕፃን ከባድ ሸክም ነው። የወሳጆቹ ወላጆችም ይጠየቁ። ጉዲፈቻውን በግልጽ የተቃወመ የአሳዳጊ ወላጅ ወይም የጎን ዘመድ በሕጉ ከልጁ ጋር እንዳይዛመድ መንገድ ስላለው ቂሙ ቀብር ላይ ከሚፈነዳ ዛሬ ቢታወቅ ይሻላል።

ገንዘብ የተነሳበትን ጉዳይ እዚያው አቁሙት። ለወላጅ “ካሳ”፣ ለደላላ “የትራንስፖርት” የሚባል ነገር የለም። ወሳጁ ደግ ሰው ሆኖ እናቲቱን መርዳት ከፈለገ ከጉዲፈቻው በፊት፣ ጉዲፈቻው ቢቀርም የማይቀር እርዳታ ይሁን።

ደመወዝተኛ አሳዳጊዎች የሚያዘጋጁት

በተለምዶ የሚጠየቀው መታወቂያ፣ የጋብቻ ምስክር ወረቀት፣ ከመሥሪያ ቤት የደመወዝ ማስረጃ፣ የጤና ምርመራና ከወንጀል ነፃ የመሆን ማስረጃ ነው። የራሳቸው ልጆች መኖር አይከለክላቸውም። ውሉ በአሳዳጊና በልጁ ጠባቂ መካከል ይደረጋል፤ ልጁ በማሳደጊያ ድርጅት ያለ ከሆነ ድርጅቱ ልጁን ከየትና እንዴት እንደተቀበለው ለሚመለከተው የመንግሥት አካል ማሳወቅ አለበት። ከዚያ ጉዳዩ የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ይቀርባል። ፍርድ ቤት ያላጸደቀው የጉዲፈቻ ውል ውጤት የለውም። በሽማግሌ ፊት መፈራረም፣ በቤተ ክርስቲያን መባረክ መልካም ነው፤ ልጁን ግን ወራሽ አያደርገውም።

ስለ ሥራ ፈቃድ አስቀድማችሁ ንገሯቸው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ቁጥር 1156/2011 ለወለደች ሠራተኛ በድምሩ 120 ቀን ይሰጣል፤ ልጅ በጉዲፈቻ ለወሰደች ግን ያን የመሰለ ፈቃድ አልደነገገም። ስለዚህ የዓመት ፈቃዳቸውን ሳይነኩ ያቆዩት፤ የኅብረት ስምምነት ያለበት መሥሪያ ቤት ከሆነም በሠራተኛ ማኅበሩ በኩል ጥያቄ ያንሱ። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ልጁ አዲስ ድምፅ፣ አዲስ ምግብ፣ አዲስ ቋንቋ የሚለምድበት ጊዜ ስለሆነ ከሁለቱ አንዱ ቤት መዋል አለበት።

አሁን ወደ አንድ ክፉ ልማድ ልምጣ፤ ልጁን እንደወለዱት አድርጎ ማስመዝገብ። ሕፃን ከዘመድ ወይም ከማያውቁት ሰው ይወስዱና ቀበሌ ሄደው በራሳቸው ስም የልደት ምስክር ወረቀት ያወጣሉ። የሚያደርጉት ከፍቅር ነው፤ ልጁ “የሰው ልጅ” እንዳይባል። ግን ልደት በ90 ቀን ውስጥ የሚመዘገበው በእውነተኛ ወላጆች ስም ነው፤ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760/2004 ጉዲፈቻንም ራሱን ችሎ የሚመዘገብ ጉዳይ አድርጎታል። የሐሰት ምዝገባው የሚፈርሰው አሳዳጊዎቹ ሞተው የወራሽነት ማስረጃ ሲጠየቅ ነው። የሟች ወንድም ይነሳና “አልወለደውም” ይላል፤ መንደሩም ያውቃል። ያ ልጅ በአንድ ቀን አባቱንም፣ ቤቱንም፣ ማንነቱንም ያጣል። በፍርድ ቤት የጸደቀ ጉዲፈቻ ቢኖረው ግን ማንም ከርስቱ አያነሳውም ነበር። ለአሳዳጊዎች ይህን በግልጽ ንገሯቸው፦ ልጁን የሚጠብቀው ምሥጢሩ ሳይሆን የፍርድ ቤቱ ውሳኔ ነው። ለልጁም ገና በጨቅላነቱ፣ በሚገባው ቃል፣ ደጋግመው ይንገሩት። በአምስት ዓመቱ የሰማው ታሪክ የራሱ ይሆናል፤ በሃያ ዓመቱ ከጎረቤት ከሰማው ግን ከዚያ በፊት የተነገረውን ሁሉ ይጠራጠራል።

እናቲቱ ልጇን እንዳትሰጥ የሚያደርጉ ነገሮች

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ላይ ሁለት ነገር አብሮ ይዟል፤ ልጅ ወላጆቹን የማወቅና የእነሱን ክብካቤ የማግኘት መብት እንዳለው፣ መንግሥትም ወላጅ ላጡ ልጆች ልዩ ጥበቃ እንደሚያደርግና በጉዲፈቻ የሚያድጉበትን ሁኔታ የሚያመቻቹ ተቋማትን እንደሚያበረታታ። የመጀመሪያው መብት ይቀድማል። ድህነት ብቻውን ልጅ ከእናቱ የሚለይበት ምክንያት አይደለም።

ስለዚህ ልጇን ልትሰጥ የመጣች እናት ስትገጥማችሁ ከምን እንደተነሳች ለዩ። ሕመም ከሆነ በማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ውስጥ መሆኗን ጠይቁ፤ መዋጮውን መክፈል የማይችሉ እጅግ ድኾች በመንግሥት እንዲሸፈኑላቸው የሚመረጡት በቀበሌ ደረጃ ነው፤ ስሟ ካልገባ የሚያስገባው የእናንተ ደብዳቤ ሊሆን ይችላል። ረሃብ ከሆነ፣ ወረዳዋ ሴፍቲኔት ያለበት ከሆነ፣ ጉልበት ለሌለው ቤተሰብ የተመደበውን ቀጥታ ድጋፍ፣ ለነፍሰ ጡርና ለምታጠባ እናት ደግሞ ጊዜያዊውን ቀጥታ ድጋፍ አስታውሱ። ፕሮግራሙ በ1997 ዓ.ም ከተጀመረ ወዲህ ተጠቃሚዎቹን የሚመለምለው ኮሚቴ ከጎረቤት የተውጣጣ ነው፤ ባል የጣላት ሴት ደግሞ “ባል አላት” ተብላ የምትዘለልበት ጊዜ አለ። ሄዳችሁ ተናገሩላት። ባሏ በሕይወት እያለ ልጁን ጥሎ ከሆነ የቀለብ ክስ አለ፤ ወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤት ስለ ነፃ የሕግ ድጋፍ ጠይቁላት፤ የፍትሕ ጽሕፈት ቤቱ ዐቃቤ ሕግም አለ።

መንግሥት ያልደረሰበትን የሚሞላው ሕዝቡ ነው። በወላይታ ቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያን በኩል የሚሠራው ተረፔዛ የልማት ማኅበርና የወላይታ ልማት ማኅበር የታወቁ ናቸው፤ አሁን በየትኛው ወረዳ ምን እየሠሩ እንደሆነ በየጊዜው ጠይቃችሁ ማስታወሻ ላይ ያዙ። ሴቶች ሳምንት በሳምንት ጥቂት ብር እየቆጠቡ የሚበዳደሩባቸው ራስ አገዝ ቡድኖች ለእንዲህ ዓይነቷ እናት ከአንድ ጊዜ እርዳታ ይበልጣሉ፤ ልጇ ሲታመም ማን ቤት እንደምትሮጥ ታውቃለችና። እድሮችም ለቀብር ብቻ እንዳይሆኑ ለሟች አባል ልጆች ደብተርና ዩኒፎርም የሚያወጡ አሉ፤ የእድራችሁ ዳኛ ከሆናችሁ ይህን በስብሰባ አንሱት።

ሕፃን ተጥሎ ሲገኝ ግን ሥርዓቱ ሌላ ነው፤ በተለይ ለሆስፒታልና ለጤና ጣቢያ ሠራተኞች። ያገኘው ሰው ወደ ቤቱ ይዞ መሄድ የለበትም፤ ነርሷ ለምታውቃት መካን ሴት መስጠት የለባትም፤ ምንም ያህል ብታሳዝናት። ሕፃኑ ይታከማል፣ ለፖሊስና ለሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ይነገራል፣ የተገኘበት ቦታ፣ ሰዓት፣ የለበሰው ልብስ ሳይቀር ይመዘገባል። ወላጆቹ እየተፈለጉ ሳለ በአደራ ቤተሰብ ይቆያል። ያች ልብስ አንድ ቀን እናቱን የምታገናኘው ብቸኛ ማስረጃ ልትሆን ስለምትችል አትጣል።

ልጃቸውን ለሚፈልጉ

በቢሮአችሁ ደጃፍ የሚቆም ሦስተኛ ሰው አለ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ወይም በ2000ዎቹ መጀመሪያ ልጁን ሰጥቶ ዛሬ “ልጄ ደኅና ነው ወይ?” የሚል አባት ነው። አንዳንዶቹ በጉዲፈቻ የሄደ ልጅ መሞቱንም ሰምተዋል፤ በዋሽንግተን ግዛት ከኢትዮጵያ የተወሰደች ታዳጊ እ.ኤ.አ. በ2011 በአሳዳጊዎቿ ጭካኔ ሞታ እነሱም በፍርድ መቀጣታቸው በዜና ስለተነገረ፣ ዜና የሌለው ወላጅ ክፉውን ያስባል። እነዚህን ሰዎች “አልፏል” ብላችሁ አትመልሷቸው።

አስቀምጡና የሚያስታውሱትን ሁሉ ጻፉላቸው። ልጁ የተወለደበት ቀበሌ፣ የእናትና የአባት ሙሉ ስም ከነአያቱ፣ በቤት የሚጠራበት ስም፣ የወንድምና የእህቶች ስም፣ ሰውነቱ ላይ ያለ ምልክት፣ የተረከበው ማሳደጊያ፣ የድርጅቱ ስም፣ የፈረሙበት ወር። በዚያን ጊዜ ወላጅ መስጠቱ ወይም ልጁ መጣሉ የሚረጋገጠው በአካባቢው ፍርድ ቤት ነበር፤ የውጭ ጉዲፈቻው ራሱ የሚጸድቀው ደግሞ አዲስ አበባ በፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ነበር። ስለዚህ መዝገቡ በሁለቱ ፍርድ ቤቶች፣ ጉዲፈቻውን ይመለከት በነበረው ሚኒስቴርም ዘንድ ሊኖር ይችላል። ወላጁ ባለጉዳይ ስለሆነ ግልባጭ መጠየቅ መብቱ ነው፤ ማመልከቻውን እናንተ ጻፉለት። እ.ኤ.አ. በ2014 የተጀመረ “ቤተሰብ ፍለጋ” የሚባል በኢንተርኔት የሚሠራ ነፃ መዝገብም አለ፤ ወላጆችና በውጭ ያደጉ ልጆች በየበኩላቸው መረጃቸውን ያስገባሉ፣ ሲገጣጠም ይገናኛሉ። ገበሬው አባት ኢንተርኔት ላይ መግባት አይችልም፤ እናንተ ግን በስልካችሁ ታስገቡለታላችሁ። ገንዘብ ከፍላችሁ ልጃችሁን ላገናኛችሁ የሚል ደላላ ቢመጣም እንዳይሰሙት ንገሯቸው።

አንዳንዴ የሚመጣው ልጁ ራሱ ነው። አድጎ፣ ወላይትኛም አማርኛም ሳይችል፣ ሶዶ መናኸሪያ ላይ ከአስተርጓሚ ጋር ይወርዳል። ወደ መንደሩ ከመሄዱ በፊት ቤተሰቡን ቀድማችሁ አግኙ፣ እናት በሕይወት መኖሯን አረጋግጡ፣ የመጀመሪያው መገናኘት በጥቂት ሰው ፊት ይሁን። ወረቀቱ ላይ “ሞታለች” የተባለች እናት በሕይወት ልትገኝ ትችላለች፤ ይህን ለልጁ የሚነግረው ሰው ፋይሉን አስቀድሞ ያነበበ ባለሙያ መሆን አለበት። ቤተሰቡንም ለብቻ አነጋግሩ፦ ልጁ ለመተዋወቅ ነው የመጣው፤ ገንዘብ መጠየቅ በመጀመሪያው ቀን አይሁን። ከዚያ በኋላ ማን በማን በኩል እንደሚጻጻፍ፣ ማን እንደሚያስተረጉም ተነጋግረው ይለያዩ፤ የስልክ ቁጥር በሁለቱም በኩል በወረቀት ይጻፍ፤ አንድ ግልባጭ እናንተ ጋ በፋይሉ ውስጥ ይቀመጥ።